መጨረሻ የሚታረሰው ማሳ

ሚኒባሱ ከዲመካ ሲነሳ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ከተራራው ላይ ኖሯል፤ ቀይ አፈር ሳይደርሱ፣ ሲሄዱ ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ ቡናማ ጎርፍ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ውሃውን አየ፣ እስኪጎድል ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ ነገር እንደሌለ ተናገረ። ተሳፋሪው ከነማር ጀሪካኑ፣ ከነዶሮው፣ ከነፍየሉ ወረደ።

እልፍነሽ አንድ ግራር ሥር ተቀምጣ ከቦርሳዋ ወረቀቶቿን አወጣች። ዲመካ የሄደችው አብራት የተማረችውን ጓደኛዋን ትጊን ልትጠይቅ ነበር፤ ትጊ እዚያ ወረዳ ትሠራለች። እልፍነሽ ደግሞ ተወልዳ ባደገችበት በጂንካ ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሥራዋን ተሸክማ የማትሄድበት ቦታ የለም ብለው እናቷ ሁልጊዜ ያማርራሉ።

«ይሄ የፈተና ውጤት ነው?»

ቀና አለች። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የውሃውን ጥልቀት ሲሞክር የነበረው ረጅም ወጣት ነው። ጫማውን በእጁ ይዟል፤ እግሩ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«የበቆሎ ምርት ነው» አለችው።

«በቆሎ ከሆነማ ያገባኛል።»

አጠገቧ ሳይሆን ራቅ ብሎ፣ ጥላው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ያቺ ትንሽ ርቀት ደስ አለቻት።

ስለ ሥራዋ አጫወተችው። በጂንካ ዙሪያ ባሉ መንደሮች አንድ የልማት ፕሮጀክት መረጃ ሰብስቧል፤ በእማወራዎችና በአባወራዎች ማሳ መካከል ያለውን የምርት ልዩነት እንድትተነትን የቀጠራት እሱ ነው። የሴቶቹ ምርት በሄክታር ከሩብ በላይ ያንሳል። የእሷ ሥራ ያንን ልዩነት ለሁለት መክፈል ነው። አንደኛው ክፍል ሴቶቹ ከሌላቸው ነገር የሚመጣ ነው፤ በሬ የላቸውም፣ የሰው ጉልበት ያንሳቸዋል፣ ማዳበሪያና የባለሙያ ምክር በቅጡ አይደርሳቸውም። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ ሳይጠፋ የሚቀረው ልዩነት ነው።

«ሁለተኛው ምን ይባላል?»

«ያልተብራራው ክፍል።»

«ታዲያ ማን ያብራራዋል?»

«እኔ» አለች፤ ወዲያው በራሷ ሳቀች።

ስሟን ጠየቃት። እልፍነሽ የሚለው ስም በእሷ ዕድሜ ላለች ሴት ያረጀ ነው፤ ከሸዋ መጥተው እዚህ የሰፈሩት አያቷ ናቸው ያወጡላት። የሰማው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳይል አያልፍም። እሱ ግራና ቀኙን አየና ኮስተር ብሎ፣ «ብቻሽን ሆነሽ?» አላት።

ውሃው ጎድሎ ወደ መኪናው ሲመለሱ እሱ ከኋላ በጀሪካኖቹ መካከል ተጣበበ፤ እሷ ከሹፌሩ ጀርባ ነበረች። እስከ ጂንካ ድረስ ዓይናቸው በሹፌሩ መስታወት ውስጥ ይገናኛል፤ በተገናኘ ቁጥር እሷ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። መናኸሪያው ግርግር ውስጥ ጠፋባት። እቤቷ ደርሳ ለትጊ ስትደውልላት፣ ትጊ፣ እልፍነሽ የሰውየውን ስም እንኳ ሳትጠይቅ ስለ በቆሎ ስታወራ መዋሏን ሰምታ ስልኩን ልትዘጋባት ምንም አልቀራት።

ስሙን በሚቀጥለው ሳምንት አወቀችው፤ ግን በማትፈልገው መንገድ ነበር።

ፕሮጀክቱ ውጤቱን ለማስገምገም ስብሰባ ጠርቶ ነበር። አስተባባሪው አቶ ሙሴ ቅን ሰው ናቸው፣ ግን ዘወትር ይቸኩላሉ። የበልግ ዝናብ ሳይገባ የውሃ ፓምፕና ምርጥ ዘር ለማን እንደሚሰጥ ወስነው መላክ ነበረባቸው። እልፍነሽ አቅርባ እንደጨረሰች አንድ ጠና ያሉ ተሰብሳቢ ተነሥተው፣ ያልተብራራው ክፍል የተባለው የችሎታ ጉዳይ ነው፣ እርሻ ለሴት አይሆንም፣ ፓምፑ ለውጤታማ ገበሬ ይሰጥና ለሴቶቹ ሥልጠና ይዘጋጅላቸው አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

እልፍነሽ ደሟ ፈላ። ያልተብራራው ክፍል አድልዎ ነው፣ ሌላ ስም የለውም አለች።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። የግራሩ ሰው ነበር።

«አብኔር ሻንቆ እባላለሁ፤ የሰብል ባለሙያ ነኝ» አለ። «ሁለቱም መልሶች የቸኮሉ ይመስለኛል። ያልተብራራ ማለት እኮ ያልጠየቅነው ማለት ነው። ያልጠየቅነውን ነገር ስንፍናም አድልዎም ልንለው አንችልም። ለምሳሌ መጠይቁ ላይ መቼ እንደተዘራ የሚጠይቅ ነገር አላየሁም።»

እልፍነሽ መጠይቁን ገለጠች። እውነትም ጥያቄው የለም። መጠይቁን ያዘጋጀችው እሷ ባትሆንም ጉድለቱን ማየት የነበረባት እሷ ነበረች።  አቶ ሙሴ ሰዓታቸውን አዩና እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጧት፤ እስከዚያ አዲስ ነገር ካልመጣ ፓምፑ ውጤታማ ለተባሉት እንደሚሄድ አስታወቁ።

በሻይ ሰዓት አብኔር ወደ እሷ መጣ። እሷ ሻይዋን ማማሰሏን አላቆመችም።

«ወንዙ ዳር ልትነግረኝ ትችል ነበር» አለችው።

«ወንዙ ዳር መጠይቁን አላየሁትም። ሌላ ነገር ነው ያየሁት።»

ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ጆሮዋ ግን ጋለ።

ንዴቷ ቅዳሜና እሁድን ብቻ ነው የቆየው። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሄዳ፣ ጥያቄውን ያነሣህ አንተ ነህና አብረኸኝ ሄደህ እንጠይቅ አለችው። እሱም ሲጠብቃት እንደነበረ ሰው የሞተሩን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አቧራና ሳቅ ነበሩ። ወደ ጋዘር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን መንደሮች እየዞሩ፣ መጀመሪያ መረጃ የተሰበሰበባቸውን ቤቶች እንደገና አንኳኩ። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በየአቅጣጫው ያግዟቸዋል። እልፍነሽ መጀመሪያ የሞተሩን የኋላ ብረት ነበር የምትይዘው፤ ዳገቱና ቦረቦሩ ሲበረታ ጃኬቱን ያዘች፤ ከዚያ ወዲያ ብረቱን አላሰበችውም።

እሷ የአካባቢውን ቋንቋ አሪኛን ስለማትችል አብኔር ያስተረጉምላት ነበር። አንድ ቀን ማሳ ዳር ተሰብስበው የነበሩ ሴቶች ጥያቄዋን ከመለሱ በኋላ በተራቸው አንድ ነገር ጠየቁት፤ ጠይቀውም እየተደጋገፉ ሳቁ። ምን አሉ አለችው። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው አሉ አላት።

«ስለ ዝናብ ይህን ያህል ይሳቃል?»

«እዚህ ሰፈር ዝናብ ይወደዳል።»

ከሴቶቹ መካከል አማርኛ የምትችለው ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዝናብ አላልንም» አለች። «መቼ ነው የምታገባት ነው ያልነው።»

አብኔር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክሩ አልተፈታም ነበር።

ቁጥሮቹ ሲገቡ ነገሩ ፍንትው ብሎ ወጣ። እማወራዎቹ ከአባወራዎቹ ሳምንታት ዘግይተው ይዘራሉ፤ የዘገየ በቆሎ ደግሞ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። የዘር ጊዜን ወደ ስሌቱ ስታስገባው ያልተብራራው ክፍል ከግማሽ በላይ ቀነሰ። አብኔር ሲሰማ እንደ ልጅ ፈነደቀ። እንግዲህ ተብራርቷል፣ አድልዎ አልነበረም ማለት ነው አላት። እሷ ግን አልተደሰተችም። ተብራርቷል ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም አለችው። እሱ ትከሻውን ሰበቀና፣ ከወጣን አይቀር እናቴ ዘንድ ጎራ ብለን ምሳ እንብላ አላት።

የአብኔር እናት ወይዘሮ ማርታ ባላቸውን የቀበሩት አብኔር ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳይገባ ነው። ደልደል ያሉ፣ ሲስቁ ዓይናቸው የሚጠፋ ሴት ናቸው። ትኩስ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረቡላቸው። አማርኛን ያወቁት ከገበያ ነውና አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እልፍነሽን «አንተ ብላ፣ ለምን ትፈራለህ» ይሏታል። እልፍነሽ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን በልታ አታውቅም።

ከምሳ በኋላ ወደ ጓሮ ወጡ። ዝናቡ ጀማምሮታል። ዙሪያውን ያለው ማሳ ሁሉ ተገልብጦ አፈሩ ጠቁሯል፤ የአብኔር አጎት፣ የአጎቱ ልጆች፣ የጎረቤቱ። መሐል ላይ አንድ ማሳ ብቻ ያምና የበቆሎ አገዳ እንደቆመበት ቀርቷል። የወይዘሮ ማርታ ነው። እልፍነሽ እንደለመደችው መቼ እንደሚታረስ ጠየቀቻቸው።

«በሬው ሲጨርስ» አሉ።

የማን በሬ እንደሆነ ጠየቀች። ወይዘሮ ማርታ በአገጫቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱ። «የሱ ነው። ሁለቱም።»

አብኔር በሬዎቹን የገዛው ሥራ በያዘ በማግስቱ ነው። ቀንበር የሚጠምድ ወንድ እቤት ስለሌለ አጎቱ ዘንድ ይውላሉ። አጎቱ የራሱን ያርሳል፣ ከዚያ የልጆቹን፣ ከዚያ ለጎረቤት ያውሳል፣ በመጨረሻ የወንድሙን ሚስት ማሳ ያርሳል። ወይዘሮ ማርታ ይህን ሲያስረዱ ቅሬታ አልነበረባቸውም። ባላቸው በነበሩ ጊዜ ማሳቸው ከመጀመሪያዎቹ ነበር፣ ከሞቱ በኋላ መጨረሻ ሆነ፤ ማንም ክፉ አስቦ አልወሰነውም፣ እንዲሁ ሆነ አሉ።

እልፍነሽ ወደ አብኔር ዞረች።

«በሬዎቹ ያንተ ናቸው።»

«የእኔ ናቸው።»

«ማሳው የእናትህ ነው።»

አብኔር ወደ ቆመው አገዳ አየ።

«በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ ይሄ ተብራርቷል ይባላል» አለችው፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። «ዘግይተው ዘሩ፣ ስለዚህ ምርቱ አነሰ። ማን አዘገያቸው የሚለውን ሠንጠረዡ አይጠይቅም። እኛ ነን መጠየቅ ያለብን።»

የአብኔር ፊት ጠቆረ። ለመቆጣት የፈለገ ይመስላል፣ ግን የሚቆጣው ሰው አጣ። ሞተሩ ላይ ወጥተው ተመለሱ። እልፍነሽ እንደገና የሞተሩን ብረት ያዘች። በራቸው ላይ አወረዳትና እንደ ባዕድ አመሰግናለሁ ብሏት ሄደ።

ሳምንት ሙሉ አልደወለም። ትክክል መሆኗን ታውቃለች፤ ትክክል መሆኗ ግን እራት እንኳ አላስበላት አለ። ትጊ አንቺው ደውይለት አለቻት። ምን ብዬ አለች እልፍነሽ፤ ደግሜ ተሳስተሃል ልበለው?

በዚያው ሳምንት ወሬው አባቷ ዘንድ ደረሰ። አቶ ወርቅነህ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ወረድ ብሎ የእህል መጋዘን አላቸው፤ በዚያ በኩል የማያልፍ ገበሬ የለም፣ የማያልፍ ወሬም የለም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ ልጃቸው በጴንጤ ልጅ ሞተር ላይ ተፈናጣ ገጠር ለገጠር እንደምትዞር መስማታቸውን ተናገሩ። ሰዎቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው፣ የሚወዷቸውም እንደሆኑ፣ ትዳር ግን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንደሆነ አስረዱ። እናቷ ወይዘሮ ተዋበች ይበልጥ ያስጨነቃቸው ነጠላዋ ጎማው ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ የሚለው ነበር።

«የምትከለክሉኝ ነገር የለም» አለች እልፍነሽ። «ሰውየው አይደውልልኝም።»

ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ። አቶ ወርቅነህ የጀመሩትን ቁጣ ረስተው ሌላ ቁጣ ተቆጡ፤ የእሳቸውን ልጅ ሳይደውልላት የቀረው እሱ ማን ሆኖ ነው አሉ።

የወሩ መጨረሻ ስብሰባ ደረሰ። እልፍነሽ አብኔር በሌለበት አዳራሽ ፊት ቆማ አቀረበች። ልዩነቱ ከየት ከየት እንደሚመጣ ካሳየች በኋላ፣ አሁንም ያልተብራራ ትንሽ ክፍል መቅረቱን፣ ምን እንደሆነ እንደማታውቅና ስም እንደማታወጣለት ተናገረች። ባለፈው ስብሰባ የተናገሩት ሰውዬ ተነሡ። እንግዲያው ዋናው ነገር ተብራርቶ አለቀ አይደለም ወይ፣ ዘግይተው የሚዘሩት ራሳቸው ናቸው፣ ፓምፑም ቀድሞ ለሚዘራ ይሁን አሉ።

በሩ ተከፈተ። አብኔር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ይቅርታ ጠይቆ የመጀመሪያው ባዶ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ክርክሩን ሰማና ቆሞ ቀረ።

«ዘንድሮ የሌሎቹ ታርሶ ገና ሳይዘራ የእናቴ ማሳ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ተዘርቷል» አለ። «እናቴ ያው እናቴ ናት፤ በአንድ ሳምንት የበለጠች ገበሬ አልሆነችም። የተለወጠው የበሬው ተራ ብቻ ነው። የቀረውን ጥጉን ሳርስ ነው ያረፈድኩት፤ አጎቴ ፈሩ ጠማማ ነው ብሎ እየሳቀብኝ ነው።»

እጁን ዘርግቶ መዳፉን አሳየ። ውሃ ቋጥሯል። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ጠና ያሉት ሰውዬም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ እልፍነሽ ሐሳቧን አቀረበች። ፓምፑ በመንደር ይመደብ፣ በሬ የሌላቸው ማሳዎች አስቀድመው የሚታረሱበት ተራ ከነቀኑ ይውጣ፣ ያም ተራ ከእማወራዎቹ ይጀምር አለች። ክርክር ነበር፣ ረጅም ክርክር። በመጨረሻ አቶ ሙሴ ሰዓታቸውን ሳያዩ ሐሳቡን ተቀብለው ጻፉት።

ውጭ ጥግ ላይ ጠበቀችው። ወደ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ወጡ። ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ላሞች ይግጣሉ። ብዙ ሄዱ።

«ለምን አልደወልክም?» አለች በመጨረሻ።

«እናቴ ናት የከለከለችኝ። ማሳዬን አርሰህ ሳትጨርስ እንዳትደውልለት አለችኝ።»

«እንዳትደውልላት» አለች እልፍነሽ።

«እሷ እንዳትደውልለት ነው ያለችው።»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ቆመ።

«ያን ቀን ስትነግሪኝ ተናድጄ ነበር» አላት። «በማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ። ሳርስ ሳርስ ንዴቱ አለቀ። አንቺ ግን አላለቅሽም።»

እልፍነሽ ጠጋ አለችው። እጅጌው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ማራገፍ ጀመረች፤ በዝግታ፣ አንድም ሳታስቀር። ጭቃው ካለቀም በኋላ እጇ እጅጌው ላይ ቀረ። ኳሱ እግራቸው ሥር ተንከባልሎ መጥቶ እስኪመታቸው ድረስ እንደዚያው ቆሙ።

ከፋሲካ በኋላ አብኔር ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። አጎቱና አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ተመረጡ። ወይዘሮ ማርታም እኔም እሄዳለሁ አሉ። ሴት ለሽምግልና እንደማትላክ ዘመዶቻቸው ሊያስረዷቸው ሞከሩ። እሳቸው የወለድኩት እኔ ነኝ፣ ደግሞም ዘንድሮ መጀመሪያ መሆን ለምጃለሁ ብለው ከሁሉም ፊት ቀድመው መንገድ ጀመሩ።

አቶ ወርቅነህ በወጉ ተቀበሏቸው። እንግዶቹም በወጉ፣ የመጡበት ነገር ሳይሰማላቸው አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ነገሩ ሃይማኖቱ ላይ ሲደርስ ተያዘ። አቶ ወርቅነህ ልጄ ሃይማኖቷን አትለውጥም አሉ። የአብኔር ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም የእኛም ልጅ አይለውጥም አሉ።  እልፍነሽ ከጓዳ በር ጀርባ እጆቿን ጨብጣ ቆማለች።

ወይዘሮ ማርታ ተናገሩ።

«ሁለቱም ይጸልያል» አሉ። «የማይጸልይ ልጅ ቢያመጣብኝ ነበር የማለቅስ። እኔ ልጅህን ቤቴ አውቀዋለሁ። ምሳ በልቷል፣ ማሳዬን አይቷል፣ እውነት ተናግሯል። እኔ ይሄን ልጅ እፈልጋለሁ።»

አቶ ወርቅነህ ለአፍታ የሚጠየቁት ወንድ ልጃቸውን ይሁን ሴት ልጃቸውን ግራ ገባቸው። ወይዘሮ ተዋበች ግን ገብቷቸዋል። ከጓዳ ወጥተው፣ ያልተጠየቁትን ወንበር ስበው ወይዘሮ ማርታን አስቀመጡ፤ ራሳቸውም አጠገባቸው ተቀመጡ። አንዷ ከተቀመጠች ሌሎቹ ቆመው ሊቀሩ አልቻሉም። ሁለቱ እናቶች ስለ ጾምና ፍስክ፣ ስለ ልጆች ስም፣ ስለ ሰንበት ቀስ እያሉ ሲነጋገሩ ወንዶቹ ያዳምጡ ነበር። የዚያን ቀን አዎ አልተባለም። አቶ ወርቅነህ አስብበታለሁ አሉ፤ ግን እንግዶቹን እስከ በር ሳይሆን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኟቸው። ይህን ያየችው እልፍነሽ መልሱን አወቀችው።

በጥር ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ተጋቡ፤ ሁለቱም ሃይማኖታቸውን አልለወጡም። ድንኳኑ አንድ ነበር፣ ግን በአንድ በኩል ጠጅ በሌላው በኩል ብርዝና ለስላሳ ተደረደረ። የአብኔር ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሲያበቁ የወይዘሮ ተዋበች ዘመዶች በከበሮ ተቀበሉ። አቶ ወርቅነህ ብርዙ በኩል ተቀምጠው ከአብኔር አጎት ጋር ስለ እርሻ ሲያወሩ አመሹ። ትጊ ከዲመካ አንድ ጀሪካን ማር ይዛ መጣች፤ ለሰው ሁሉ እነዚህን ሰዎች ያጋባኋቸው እኔ ነኝ ትል ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ቤት ተከራይተው ቀበሌ ሊመዘገቡ ሄዱ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ሃይሚ የእልፍነሽ ተማሪ የነበረች ልጅ ናት። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የቤት ቁጥራቸውን ሞላችና፣ አባወራ ወይም እማወራ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«የቤቱ ኃላፊ ማን ይባል?»

«እሷ» አለ አብኔር።

«እሱ» አለች እልፍነሽ፣ በዚያው ቅጽበት።

ሃይሚ መስመሩ አንድ ሰው ብቻ እንደሚይዝ ነገረቻቸው። አብኔር ቤቱን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት አለ። እልፍነሽ በዕድሜ የሚበልጠኝ እሱ ነው አለች። ደግሞ እኔ የጠየቅሁትን ሰው ሁሉ በዚህች መስመር አስቸግሬ የለ፣ አሁን ተራው ደረሰኝ ብላ ሳቀች። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሃይሚ መስመሩን ባዶ ትታ መታወቂያቸውን ሰጠቻቸውና፣ ተነጋግራችሁ ስትጨርሱ ትመለሳላችሁ አለቻቸው።

እየተከራከሩ ወጡ፣ እየተከራከሩ መንገዱን ተሻገሩ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው።

ዛሬ ትልቋ ልጃቸው መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች። እነሱ ግን ገና ተነጋግረው አልጨረሱም።